የሪታ ወረቀት

ዛሬ ስለ ኬዝም ስለ ሪሴትልመንትም አልጽፍም። የምጽፈው ስለ አንዲት ጣሊያናዊት የህዋስ ተመራማሪ ነው። ወረቀት የሚባለው ጣጣችን ግን እዚህም አለ፤ ወደ መጨረሻው እደርስበታለሁ። ረዘም ስለሚል ሻይ ይዛችሁ ተቀመጡ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሴትዮዋ ሪታ ሌቪ ሞንታልቺኒ ትባላለች። በ1909 ቱሪን ከተማ ውስጥ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለደች። በ1986፣ በ77 ዓመቷ፣ የኖቤልን የህክምና ሽልማት ከስታንሊ ኮኸን ጋር ተካፈለች። በ2012 መጨረሻ በ103 ዓመቷ አረፈች። መነሻና መድረሻው ይህ ነው፤ እኔን የያዘኝ ግን መሃሉ ነው።

ለምን እንደያዘኝ ልንገራችሁ። ናይሮቢ ኢስሊ ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ ለስደተኛ ልጆች ባዮሎጂ አስጠናለሁ። ልጆቹ የሳይንስ ሰው መሆንን እንደ መሰላል ነው የሚያዩት። አስራ ሁለተኛ ክፍል፣ ከዚያ ዩኒቨርሲቲ፣ ከዚያ ማስተርስ፣ ከዚያ ነጭ ጋዋን። አንዱ እርከን ከተሰበረ በቃ፣ ውረድ ነው። ከሪያድም ከሚኒሶታም ዘመድ የሚልከው ድምፅ ያንኑ ይላል፤ «የኔ ልጅ፣ ዕድሜሽ እኮ ሄደ። እስከ መቼ ደብተር? ጸጉር ስራ እንኳን ተማሪ።» ጸጉር ስራን የምንቅ ሰው አይደለሁም፤ ኢስሊ ውስጥ የስንት ቤት ኪራይ በማበጠሪያ ይከፈላል። ነገር ግን ያ ቀጥ ያለ መሰላል ለሪታም አልቆመላትም።

አባቷ መሐንዲስ ነበሩ፤ የተማሩ፣ ልጆቻቸውንም የሚወዱ ሰው። ሴት ልጅ ዩኒቨርሲቲ ከገባች ሚስትነቷም እናትነቷም ይበላሻል ብለው ስለሚያምኑ ግን ሴት ልጆቻቸውን ወደ ዩኒቨርሲቲ በማያስገባ የሴቶች ትምህርት ቤት አስተማሯቸው። (ይህን ሳነብ «ጣሊያንም?» ብያለሁ።) ሪታ እስከ ሃያ ዓመቷ ምን እንደምትሆን አታውቅም ነበር። ቤት ውስጥ ያሳደገቻቸው ጆቫና የምትባል ሞግዚት በጨጓራ ካንሰር ስትሞት ሐኪም ልሁን አለች። አባቷን ለመነች፤ እሳቸውም ሳይወዱ እሺ አሉ። ላቲን፣ ግሪክና ሒሳብ ይጎድላት ስለነበር በስምንት ወር አጥንታ ፈተናውን አለፈች። በ1930 ቱሪን የህክምና ትምህርት ስትጀምር ሃያ አንድ ሞልቷታል።

እዚያ ጁዜፔ ሌቪ የሚባሉ ፕሮፌሰር ገጠሟት። ስማቸው ቢመሳሰልም ዝምድና የላቸውም። ቁጡ ነበሩ፤ ተማሪ ይፈራቸዋል። ከሳቸው ስር በዚያው ዘመን የተማሩ ሦስት ልጆች፣ ሳልቫዶር ሉሪያ፣ ሬናቶ ዱልቤኮና ሪታ፣ በተለያየ ጊዜ ኖቤል ወስደዋል። ሪታን የነርቭ ህዋስን በብር ጨው ማቅለም አስተማሯት። እኔ አገር ቤት የላብራቶሪ ቴክኒሺያን ስለነበርኩ ይህን ቦታ ቶሎ አላልፈውም። የወባ ስላይድ በጊምሳ ያቀለመ ሰው ያውቀዋል፤ ቀለሙ ትንሽ ከበዛ ሁሉም ነገር ይጠቁራል፣ ካነሰ ምንም አይታይም፤ ሲሳካ ግን ያ ባዶ የነበረው መስታወት ድንገት ይናገራል። የብሩ ዘዴ ከጊምሳ እጅግ የሚያስቸግር ነው። ሲሳካ የነርቩ ክር በቢጫ መሬት ላይ ጥቁር ቡናማ ሆኖ ይወጣል፣ የት ተነስቶ የት እንደደረሰም በዓይን ይከተሉታል። የሪታ ሙሉ ሕይወት የተንጠለጠለው በዚህች የእጅ ሙያ ላይ ነው። እኔ ናይሮቢ ከገባሁ ወዲህ ማይክሮስኮፕ ነክቼ አላውቅም፤ የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው።

በ1936 በከፍተኛ ማዕረግ ተመረቀች። ዓመቱን ልብ በሉት። በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ የሙሶሊኒ ጦር አዲስ አበባ ገብቷል። በሚያዝያ 1937፣ የየካቲት 12 ደም ገና ሳይደርቅ፣ በምስራቅ አፍሪካ ቅኝ ግዛቶቹ ከእኛ ሰው ጋር እንደ ባልና ሚስት የኖረን ጣሊያናዊ እስከ አምስት ዓመት የሚያሳስር ሕግ አወጣ። የዘር ሕጉ ወደ ቱሪን አይሁዶች የመጣው በ1938 ነው። ዞሮ ዞሮ ሪታን ከስራዋ ያባረራት እጅ የእኛን አያቶች ያውቃል። ይህን የማነሳው ቂም ለመቆስቆስ አይደለም፤ አስመራም አዲስ አበባም ያደግን ሰዎች የሴትዮዋን ታሪክ እንደ ሩቅ አገር ወሬ እንዳናየው ነው።

ከዩኒቨርሲቲ ተባረረች። በ1939 ብራስልስ ሄዳ በአንድ የነርቭ ተቋም ሰራች፤ ጀርመን ቤልጂየምን ሊወር ሲል በ1940 ወደ ቤቷ ተመለሰች። በድብቅ ድሆችን ታክም ነበር፤ ግን የመድኃኒት ማዘዣ ላይ መፈረም አትችልም፣ የሌላ «ዘሩ የጠራ» ሐኪም ፊርማ ያስፈልጋታል። ሙያ እያላት ፊርማ የላትም። ይህን ዓረፍተ ነገር ለማንም ስደተኛ ነርስ ወይም ሐኪም ማብራራት አያስፈልግም።

ቤተሰቡ ሁለት ምርጫ ነበረው፤ ወደ አሜሪካ መሰደድ፣ ወይም ከውጭው ዓለም ምንም የማይፈልግ ስራ እየሰሩ እዚያው መቀመጥ። ተቀመጡ። ሪታ ቪክቶር ሃምበርገር የሚባል ሳይንቲስት በ1934 ያወጣውን ጽሑፍ አግኝታ ነበር። ሰውዬው የጫጩት ሽል ገና ሳያድግ የእግሩን ወይም የክንፉን ቡቃያ ሲቆርጥ ወደዚያ ይሄዱ የነበሩት የነርቭ ህዋሳት ቁጥራቸው እንደሚቀንስ አሳይቷል። ለምን? ይህችን «ለምን» ይዛ መኝታ ቤቷ ውስጥ ላብራቶሪ ከፈተች። የስፌት መርፌ በመሳያ ድንጋይ ስላ ቢላ አደረገችው። የሰዓት ሰሪ ወረንጦ፣ የዓይን ሐኪም መቀስ፣ አንድ ማይክሮስኮፕ፣ እንቁላል ማሞቂያ። ፕሮፌሰር ሌቪም ተባረው ቤልጂየም ቆይተው ተመልሰው ስለነበር የተማሪያቸው ረዳት ሆነው ገቡ። ግዙፍ ሰው ናቸው፤ በዚያች ጠባብ ክፍል ሲዞሩ ዕቃ ይጥሉ ነበር ይባላል። መምህሩ ተማሪዋ መኝታ ቤት ውስጥ ቆመው ሲረዷት ሳስብ ደስ ይለኛል።

ቱሪን በቦምብ ስትደበደብ ወደ ገጠር ኮረብታ ሸሹ፤ ላብራቶሪውም አብሮ ሸሸ፣ አንድ ጥግ ላይ እንደገና ተተከለ። እንቁላል ጠፋ። ሪታ በብስክሌት ከገበሬ ገበሬ እየዞረች ትለምናለች፤ ያውም ጫጩት የሚወጣውን፣ አውራ ዶሮ ያለበትን። «ለልጆቼ ነው፣ ይህኛው ምግብነቱ ይበልጣል» ትላለች፤ ልጅ የላትም። ሽሉ ከወጣ በኋላ የቀረው እንቁላል ለቤቱ ምግብ ይሆናል፣ በጦርነት ጊዜ እንቁላል አይጣልም። ወንድሟ ጂኖ የሚበላው እንቁላል ከየት እንደመጣ ሲያውቅ ጠላው አሉ። እናቶቻችን ቢሆኑ በርበሬ ጨምረው ፍርፍር አድርገው ዝም ነበር።

እዚያ ኮረብታ ላይ ያየችውን ነገር በአጭሩ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ የመጣው ከሱ ነው። ሃምበርገር የመሰለው፣ ክንፉ ሲቆረጥ ህዋሳቱ «ነርቭ ሁኑ» የሚል መልዕክት ስለማይደርሳቸው ከመጀመሪያውም አይፈጠሩም የሚል ነበር። ሪታና ሌቪ ሽሎቹን በተለያየ ዕድሜ እያወጡ፣ በቀጭን በቀጭኑ እየቆረጡ፣ በብር እያቀለሙ ህዋሳቱን ቆጠሩ። ህዋሳቱ ተፈጥረዋል። ክራቸውንም ዘርግተው መንገድ ጀምረዋል። የሞቱት ኋላ ነው፣ ሊደርሱበት የነበረው ቦታ ስለሌለ ከዚያ የሚመጣ የሆነ ነገር አጥተው። ያ «የሆነ ነገር» ምንድን ነው? ይህ ጥያቄ ነው ከነርቭ ሐኪምነት አውጥቶ ወደ ህዋስ ጥናት የወሰዳት።

ከዚያ በ1943 ጀርመኖች ጣሊያንን ያዙ። ቤተሰቡ ወደ ፍሎረንስ ሸሽቶ በሐሰት ስምና በሐሰት መታወቂያ ተደበቀ። ከተማዋ በነሐሴ 1944 ነጻ ስትወጣ ሪታ ሐኪም ሆና ተቀጠረች። የት መሰላችሁ? ስደተኛ ካምፕ ውስጥ። ከሰሜን፣ ጦርነቱ ካልቆመበት፣ እየተጫኑ የሚመጡ ሰዎች ካምፕ። ታይፎይድና ሌላ ተላላፊ በሽታ ይገባል፣ ሕፃን ይሞታል፣ መድኃኒት የለም። ጠዋት ያከመችው ሰው ማታ የለም። በሐኪምነት የሰራችው ለመጨረሻ ጊዜ እዚያ ነው፤ ከበሽተኛው ሐዘን ራሷን መለየት እንዳልቻለች ኋላ ተናግራለች። ካኩማ ወይም ዳዳብ ክሊኒክ በአስተርጓሚነት የሰራችሁ ይህን እንድጨምርላችሁ አትፈልጉም።

እስቲ ቁጭ ብለን እንቁጠር። ጦርነቱ ሲያበቃ ሪታ 36 ዓመቷ ነው። ያላት የመኝታ ቤት ምርምር ብቻ ነው። በእኛ ዘመድ ሒሳብ ያለቀላት ሴት ናት።

አሁን ወደ ወረቀቱ ልምጣ። የመኝታ ቤቱ ውጤት ጣሊያን ውስጥ እንዳይታተም ሕጉ ይከለክል ነበር፤ ደራሲዎቹ አይሁድ ናቸውና። ስለዚህ በ1942 ቤልጂየም ውስጥ በሚታተም የባዮሎጂ መጽሔት ወጣ። እሷ ኮረብታ ላይ እንቁላል እየለመነች ጽሑፏ ድንበር ተሻግሮ ነበር። ሃምበርገር ከጦርነቱ በኋላ አነበበው። የእሱን ግምት የሚቃወም ጽሑፍ ነው እኮ። ሰውዬው ግን «ነይና አብረን እንድገመው» ብሎ ጋበዛት። እሱም ጀርመናዊ ነው፤ በ1932 ለአጭር ጊዜ ብሎ አሜሪካ ሄዶ ሳለ በአይሁድነቱ አገር ቤት ያለው ስራው በ1933 ስለተሰረዘ እዚያው ቀርቷል። የተባረረ ሰው የተባረረች ሴት ጽሑፍ አነበበ።

በ1947 ከዱልቤኮ ጋር በአንድ መርከብ ሄደች። ሴንት ልዊስ፣ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ፣ ለአንድ ዓመት ገደማ ብላ። ሰላሳ ዓመት ቆየች። ሙከራውን ሲደግሙት የሪታ ንባብ ትክክል ሆኖ ተገኘ።

መንገዱ ግን ከዚህም በኋላ አልቀናም። የአይጥ ካንሰር ጫጩት ሽል ላይ ሲተከል ነርቮች እንደ እብድ ወደ እብጠቱ ሲጎርፉ አየች፤ ከእብጠቱ ጋር ባይነካኩም ይበቅላሉ። ስለዚህ በፈሳሽ የሚሄድ ነገር አለ። ይህን በመስታወት ውስጥ ለማየት ህዋስ ከአካል ውጭ የሚያሳድግ ቤት ያስፈልጋል፤ ያ ቤት ያለው ሪዮ ዴ ጃኔሮ ነው። በ1952 እብጠት ያለባቸው ሁለት አይጦች በቦርሳዋ ይዛ አውሮፕላን ተሳፈረች። (ዛሬ ቢሆን ጆሞ ኬንያታ ኤርፖርት ላይ ምን እንደሚደርስባት አስቡት።) ሪዮ የተቀበለቻት ሄርታ ማየር ናት፤ ከበርሊን ወደ ቱሪን፣ ከቱሪን ወደ ብራዚል የተሰደደች፣ የፕሮፌሰር ሌቪ ቤት የቀድሞ ባልደረባ። በዚያ ላብራቶሪ ከእብጠቱ አጠገብ የተቀመጠው የነርቭ ህዋስ ዙሪያውን እንደ ፀሐይ ጨረር ክር ሲያወጣ ታየ።

ቀጥሎ በ1953 ኮኸን መጣ። ከሩሲያ የተሰደደ የልብስ ሰፊ ልጅ፣ ብሩክሊን ያደገ ባዮኬሚስት። ነገርየውን ነጥሎ ለማውጣት ሲሞክር የእባብ መርዝን እንደ መፍቻ ተጠቀመ፤ መርዙ ግን ራሱ ከእብጠቱ እጅግ የበለጠ ያንኑ ነገር ይዞ ተገኘ። መርዝ ከምራቅ ዕጢ ጋር የሚመሳሰል ዕጢ ነው የሚያመነጨው አለና የወንድ አይጥ ምራቅ ዕጢ መረመረ። እዚያ ሞልቶ ተትረፍርፏል። የነርቭ ማሳደጊያ ንጥረ ነገር የሚባለው ፕሮቲን በዚህ መንገድ ታወቀ፤ ህዋስ ለህዋስ «እደግ፣ ኑር» ብሎ መልዕክት እንደሚልክ ያሳየ የመጀመሪያው ነው። ከዶሮ እንቁላል ወደ ካንሰር፣ ከካንሰር ወደ እባብ፣ ከእባብ ወደ ምራቅ። ማንም ቀድሞ ያቀደው አይደለም።

ከ1969 ጀምሮ ሮም ላይ የጣሊያን ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት የህዋስ ባዮሎጂ ተቋም ዳይሬክተር ሆነች። «የህዋስ ባዮሎጂ» የሚለው ስም በሯ ላይ ሲጻፍ 60 ዓመቷ ነው። በ1992 ደግሞ ከመንትያዋ ከሰዓሊዋ ፓዎላ ጋር በአባታቸው መታሰቢያ አንድ ፋውንዴሽን አቋቋሙ፤ እሱም ኋላ የአፍሪካ ሴቶችን ትምህርት ወደ መርዳት ዞረ። ሴት ልጅ አትማርም ያሉት አባት ማለት ናቸው።

ይህን ታሪክ የሚያወሩ ብዙዎች «አየህ፣ ጠንክሮ የሰራ ይደርሳል» ብለው ይዘጉታል። እኔ እንደዚያ አላነበውም። ጽናቷ እውነት ነው፤ ግን ጽናት ያላቸው ልጆች ኢስሊ ሞልተዋል። ሪታ ሌላም ነገር ነበራት። ስትባረር ዲግሪዋ በእጇ ነበር። ያስተማሯት ሰው በሕይወት ነበሩ፣ አጠገቧም ነበሩ። ጽሑፏን የተቀበለ መጽሔት ነበር። «ነይ» ብሎ የጻፈ ሰው ነበር። እሷ ቀርታ ወረቀቷ ተሻገረ፤ እኛ ተሻግረን ወረቀታችን ቀረ።

ቅዳሜ ከሚመጡት አንዷ 27 ዓመቷ ነው። አገር ቤት ሦስት ዓመት ባዮሎጂ ተምራለች፤ ጦርነት ሲመጣ አራተኛውን ሳትጨርስ ወጣች። የህዋስ ክፍፍል ለታናናሾቿ ስታስረዳ ብትሰሟት እኔን ትተዋላችሁ። እዚህ አንድ ኮሌጅ «ትራንስክሪፕት አምጪ፣ አለዚያ ከአንደኛ ዓመት ጀምሪ፣ ሙሉ ክፍያ» አላት። የተማረችበት ቦታ ደግሞ «ራሷ ትምጣ ወይም ሕጋዊ ውክልና ትላክ» ይላል። ውክልና የሚረጋገጠው ኤምባሲ ነው። አገሬ ያሳድደኛል ብሎ ጥገኝነት የጠየቀ ሰው በዚያች አገር ኤምባሲ በር መቆም ለኬዙም ለልቡም ምን ማለት እንደሆነ እናንተ ታውቃላችሁ። ከዚያ የኮስት ሼሪንግ ዕዳ አለ። ሦስት ዓመት ትምህርቷ ራሷ ውስጥ አለ፣ ማስረጃው ግን ሬጅስትራር መሳቢያ ውስጥ ነው።

የተባበሩት መንግስታት የስደተኞች ኮሚሽን በ2019 ከዓለም ስደተኛ ወጣቶች ዩኒቨርሲቲ የደረሱት 3 በመቶ እንደሆኑ ተናግሮ በ2030 ወደ 15 በመቶ ለማድረስ ግብ ያዘ፤ በ2023 ቁጥሩ 7 በመቶ ገደማ ነበር። ጥሩ ነው፣ ያድጋል። በ2014 እዚያው አዲስ አበባ የጸደቀው የአፍሪካ አገሮች የትምህርት ማስረጃ እውቅና ስምምነት የስደተኛን ጉዳይ ያነሳል፣ ሰነድ የጎደለው ሰው ትምህርቱ በፍትሐዊ መንገድ እንዲመዘን ይላል፤ ከ2019 ጀምሮም በስራ ላይ ነው። ከዚያ ስምምነት እስከ ኮሌጁ መስኮት ያለው ርቀት ነው ያስቸገረን። እኛ እዚህ ያለነው በየስብሰባው የምንጮኸው ለዚህ ነው፤ እርዳታ ስጡን ብለን አይደለም፣ የተማርነውን መዝኑልን ነው የምንለው።

አገር ቤት ያላችሁ እናቶች፣ እህቶች፣ አጎቶች፣ ዛሬ የምለምናችሁ ገንዘብ አይደለም። አልጋ ስር ያለውን ሻንጣ አውርዱ። የሴሚስተር ግሬድ ሪፖርት፣ የተማሪ መታወቂያ፣ የአስራ ሁለተኛ ክፍል ሰርተፊኬት፣ የኮስት ሼሪንግ ውል ኮፒ፣ የክሊራንስ ወረቀት፣ ጊዜያዊ ዲግሪ፣ የተቀደደም ቢሆን አትጣሉት። በቀን ብርሃን፣ አራቱም ጥግ እንዲታይ፣ ጀርባውንም ጨምራችሁ አንሱት፤ ማህተም አንዳንዴ ጀርባ ላይ ነው። በቴሌግራም ስትልኩ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩት፣ እንደ ፎቶ ከሄደ ጽሑፉ ይደበዝዛል። ያስተማሯቸው መምህር ስልክ ካላችሁ ደግሞ ደውሉላቸው፤ «ይህችን ልጅ ይህን ይህን ኮርስ አስተምሬያታለሁ» የሚል ፊርማ ያለበት አንድ ገጽ እንዲጽፉ ለምኑልን። ትራንስክሪፕትን አይተካም፤ ምዘና ላይ ስትቀርብ ግን ባዶ እጇን አትሄድም።

ስማችሁ በእንግሊዝኛ እዚህ በስደተኛ መታወቂያችሁ ላይ የተጻፈበትና እዚያ ሰነዱ ላይ ያለው ፊደል የማይገጥም ከሆነ ሁለቱንም ይዛችሁ ውስጥ መስመር ጻፉልኝ። በዚህ ጉዳይ በነጻ የሚረዱ ሁለት የሕግ ባለሙያዎች አሉ፣ አገናኛችኋለሁ።